21 ኪሎ ቀለህ፦ ከባልዲ እስከ ሣጥን

ቀን 1

ሁለት ባልዲ ሞልቷል። ሚዛን ላይ ሳወጣው 21 ኪሎ መዘነ። በተኩስ ልምምድ ሜዳ በፈቃድ እየለቀምኩ ለወራት ያጠራቀምኩት ቀለህ ነው። የራሴ አለበት፣ የማላውቃቸው ሰዎችም አለበት። ዓይነቱ ተደበላልቋል። አፈር ይዟል፣ አንዳንዱን ዝናብ መትቶት ጠቁሯል።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ዳግም መሞላት የሚችለውን ከማይችለው መለየት። ጥይት ሲተኮስ አረሩ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ ቂጡ ላይ ያለችው፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ፕራይመር አንዴ ተመትታ ታበቃለች። ተመልሶ እጅ የሚገባው ቀለሁ ብቻ ነው። ከአራቱ ክፍሎች ውዱም እሱ ነው። ስለዚህ ጥይት ራሱ የሚሞላ ሰው ሥራው የሚጀምረው ከቀለህ ለቀማ ነው።

ዛሬ ያደረግሁት አፈሩን ማራገፍና በማግኔት ማለፍ ብቻ ነው። ትልቅ ማግኔት በላስቲክ ከረጢት ጠቅልዬ ባልዲው ውስጥ አንቀሳቀስኩት። 1.3 ኪሎ የብረት ቀለህ ወጣ። ከዚህ ውስጥ አንዳንዱ በዓይን ሲታይ ነሐስ ነው የሚመስለው፤ ብረት ሆኖ ነሐስ የተለበጠ ነው። ያለ ማግኔት ቢሆን በእርግጠኝነት አልፌው ነበር። ማግኔቱ የማይዘው አልሙኒየምም አለ። እሱ ግን ቀለል ይላል፣ ቀለሙም ድብዝዝ ያለ ግራጫ ነው፤ እጅ ወዲያው ይለየዋል። ሁለቱም ለእኔ ሥራ አይሆኑም፤ ወደ ቁርጥራጭ ብረት።

ሌላ የወጣ ነገር፦ ያልተተኮሰ አንድ ባለ .22 ጥይት (ቁጥሩ የጥይቱ ስፋት ነው፣ በኢንች ግምት)። ጠርዙ ላይ የመርፌ ምት አለው፣ ግን አልፈነዳም። ለብቻው ክዳን ባለው ቆርቆሮ አስቀመጥኩት። ነገ ወደ ሜዳው ወስጄ ለከሸፉ ጥይቶች ከተዘጋጀው ሣጥን እከተዋለሁ። ቀለህ የሚያጥብ ሰው ከሁሉ በፊት ማየት ያለበት ይሄን ነው። ያልተተኮሰ ጥይት ቀለህ የሚታጠብበት ማሽከርከሪያ በርሜል ውስጥ መግባት የለበትም።

ቀን 2

ዛሬ በመጠን መለየት። ይሄ ነው ረጅሙ ቀን።

መጀመሪያ ወንፊት። ቀዳዳው የተለያየ ሦስት የፕላስቲክ ወንፊት አለኝ። ባለ .22 ቀለሆች ከታች ይወርዳሉ። እነሱ ማቀጣጠያቸው ጠርዛቸው ውስጥ ስለሆነ ፕራይመር መቀየር አይቻልም፤ አንዴ ከተተኮሱ አበቃ። ወደ 900 ግራም ወጣ።

ወንፊት የማይፈታው ችግር መሰካካት ነው። የ.22ው ቀለህ 9 ሚሊሜትሩ ውስጥ ይገባል። 9 ሚሊሜትሩ ባለ .40 ውስጥ፣ ባለ .40ው ደግሞ ባለ .45 ውስጥ። አራቱ ተሰካክተው አንድ ሆነው ያገኘኋቸው አሉ። እንዲህ ሆነው ወደ እጥበት ከገቡ ውሃው ይቆልፋቸዋል፣ መሐላቸው አይጸዳም፣ ለመላቀቅም መከራ ነው። አሁን በደረቁ በጥፍር ይለያያሉ። እያንዳንዱን ቀለህ አፉን ወደ ላይ አድርጌ ውስጡን አያለሁ።

በጣም የሚያምታታው ጥንድ 9 በ19 (9 ሚሊሜትሩ ማለት ነው) እና ባለ .380 ነው። የሁለቱም ቂጥ ስፋት የሚቀራረብ ነው። ልዩነቱ ቁመት ላይ ነው፦ 9 በ19 ወደ 19 ሚሊሜትር፣ .380 ወደ 17። ሁለት ሚሊሜትር በጅምላ ሲታይ አይታይም። እኔ የማደርገው ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ በአፋቸው ማቆም ነው። ሃምሳ ሃምሳ አድርጌ ደርድሬ ዓይኔን ከጠረጴዛው እኩል ዝቅ ሳደርግ አጭሮቹ በሰልፍ መሐል ቁጭ ያሉ ይመስላሉ። ከዚያ ቂጡ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ አነባለሁ። ሞልቶ ካለቀ በኋላ ከሚታወቅ አሁን መታወቁ ይሻላል።

ምሽት ላይ ያለው ቆጠራ፦ 9 በ19 ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ። የጠመንጃው ባለ .223 ስድስት መቶ አርባ። ባለ .45 ሦስት መቶ አሥር፣ ባለ .40 ሁለት መቶ ሰማንያ። ባለ .38 እና .357 አንድ ላይ መቶ ዘጠና። ሌላው የጠመንጃ ቀለህ ባለ .308 መቶ ሃያ፣ .380 ዘጠና አምስት። የቀረው ጭቃና ስሙን ለማወቅ የማልደክምበት ጥቂት ነው።

ቀን 3

ባለ .45ዎቹን በተቀመጥኩበት ጨረስኩ። ቂጣቸውን አዙሮ ፕራይመር ማየት ብቻ ነው። ትልቁ ፕራይመር በስፋት 5.33 ሚሊሜትር ገደማ፣ ትንሹ 4.45። የድሮው .45 በአብዛኛው ትልቁን ነበር የሚወስደው፤ አሁን ትንሹን የሚወስድም ይሠራል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ጥይት የምሞላበት ፕሬስ ላይ ሥራው ይቆማል፣ ፕራይመርም ይጨፈለቃል። ከ310 ውስጥ 58 ትንሹ ሆኑ። ለብቻ ማሰሮ።

ከዚያ ባለ .308። እዚህ የባትሪ ሥራ አለ። ቀለሁን አፉን ወደ ዓይኔ አድርጌ በባትሪ ወደ ታች ሳበራ መሐል ላይ የፕራይመሯ እሳት የሚያልፍባት አንዲት ቀዳዳ ካየሁ ደህና ነው። ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ካሉ ለእኔ አይሆንም። አንድ ቀዳዳ ያለው ቦክሰር ይባላል፤ ያገለገለችውን ፕራይመር ከውስጥ በቀጭን ዘንግ ገፍቶ ማውጣት ይቻላል። ባለ ሁለት ቀዳዳው በርዳን ነው። ዘንጉ ቀዳዳ አጥቶ ነሐሱ ላይ ይቆምና ይሰበራል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የወጡ ናቸው። ኤድዋርድ ቦክሰር የእንግሊዝ መኮንን ነበር፣ ሃይረም በርዳን አሜሪካዊ። ነገሩ ግን ተገላበጠ፦ የእንግሊዛዊው አሠራር አሜሪካ ውስጥ ገነነ፣ የአሜሪካዊው አውሮፓ ውስጥ። ዘጠኝ በርዳን አገኘሁ። አንዱን ሳላየው ሞክሬ ዘንጌን ያጣመምኩት ባለፈው ዓመት ነው፤ ዛሬ አንድም አላመለጠኝም።

የወታደራዊ ቀለህ ሌላ ጠባይ አለው። የፕራይመሯ ዙሪያ ተጨፍልቆ ፕራይመሯን ነክሶ ይይዛታል። ፕራይመሯ ስትወጣ ንክሻው ይቀራል፤ አዲሷ አትገባም። ያንን ጠርዝ መፋቅ ወይም መግፋት ያስፈልጋል። በተጨማሪ የ.308 ወታደራዊ ቀለህ ግድግዳው ወፍራም ነው። የንግዱን ስመዝን 10.7 ግራም ገደማ፣ ወታደራዊውን 11.7። ውጫቸው እኩል ሆኖ አንዱ ከከበደ ውስጡ ጠቧል ማለት ነው። ጠባብ ውስጥ ያው ባሩድ ሲነድ ግፊቱ ይጨምራል። ስለዚህ አላቀላቅላቸውም። ለየብቻ ሣጥን፣ ለየብቻ መዝገብ።

ቀን 4፣ ጠዋት

ዛሬ ስንጥቅ መፈለግ ነው።

ይህን ሥራ ያስተማሩኝ ሰው ዓይናቸው ደክሟል። ግን እፍኝ ቀለህ ይዘው ሲያንቀጫቅጩት የተሰነጠቀ ካለበት በጆሯቸው ያውቁታል። ጤነኛ ነሐስ ይጮሃል፤ ጥርት ያለ፣ እንደ ትንሽ ደወል። የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። መጀመሪያ ሲነግሩኝ ማመን አቅቶኝ ነበር። ዛሬ አሥር አሥር እያደረግሁ መዳፌ ውስጥ አንቀጫቀጭኩ። ሰባተኛው እፍኝ ላይ አንድ የታፈነ ድምፅ ሰማሁ። አንድ በአንድ ጣልኳቸው፤ ስምንተኛው ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ቆርቆሮ መሰለ። ባትሪ ሳበራበት ከአፉ ጀምሮ ወደ ታች ፀጉር የምታክል ስንጥቅ። በዓይን ሁለቴ አልፌው ነበር።

ስንጥቁ ለምን ይመጣል? የቀለህ ነሐስ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው። ሲተኮስ ይለጠጥና መሣሪያው ውስጥ ጥይቱ ከሚያርፍበት ክፍል ግድግዳ ጋር ገጥሞ ይዘጋል፣ ጋዝ ወደ ኋላ አያሳልፍም፤ ወዲያው ደግሞ ትንሽ ተመልሶ ይኮማተራል፣ በቀላሉ ይወጣል። ይህ ልዩ ጠባዩ ነው። ግን በተለጠጠና በተጨመቀ ቁጥር ይጠነክራል። የጠነከረ ነሐስ አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል። አፉ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚሠራበት ቦታ ነው። ኒኬል የተለበጡት፣ ብር የሚመስሉት፣ ቶሎ ይሰነጠቃሉ። ከባለ .38ዎቹ ውስጥ የጣልኳቸው 11 ሲሆኑ ዘጠኙ ኒኬል ናቸው።

አራት ቀለሆች ደግሞ ቀለማቸው አላማረኝም። ሮዝ የሚመስል፣ ብርሃን የሌለው፣ ጥቀርሻ የያዘ። አንድ ሰው ከቆሻሻ ጋር አቃጥሏቸዋል። እሳት የበላው ቀለህ ቂጡ ይለሰልሳል፤ ያ ቦታ ደግሞ ግፊቱን ሁሉ የሚሸከመው ነው። ለእነዚህ ምርመራ የለም። በፒንሳ አፋቸውን ጨፍልቄ ጣልኳቸው፣ ማንም መልሶ እንዳያነሳቸው።

ቀን 4፣ ከሰዓት በኋላ

ባለ .223 ላይ ስደርስ ነገሩ ተለወጠ።

ጠዋት 212 ቀለህ በዓይንና በጆሮ አልፈውልኝ ሣጥን ውስጥ ገብተው ነበር። ከሰዓት በኋላ ሽቦውን አነሳሁ። ሽቦው ማለት የወረቀት አግራፍ ነው፦ ቀጥ አድርጌ ዘርግቼ ጫፉን ሁለት ሚሊሜትር ያህል ወደ ጎን አጠፍኩት፣ በሞረድ አሾልኩት። ቀለሁ ውስጥ እስከ ታች አስገብቼ ጫፉን ከግድግዳው ጋር እያስነካሁ በዝግታ ወደ ላይ እስበዋለሁ። ጤነኛ ግድግዳ ላይ ይንሸራተታል። የታመመ ላይ ከቂጡ 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ጫፉ ይወድቃል። ጭረት ውስጥ እንደገባ ጥፍር።

አንድ ውስጥ ወደቀ። ደገምኩት። ወደቀ። ከውጭ አየሁት፤ ቀለሁ ያምራል፣ የሚያብረቀርቅ መስመር እንኳ አይታይበትም።

ሞርሳ ላይ አሰርኩትና በሴጌቶ ከአፍ እስከ ቂጥ ሰነጠቅሁት። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። ግማሹን ወደ መብራት ያዝኩት። ግድግዳው ከታች ወፍራም ሆኖ ይነሳና ቀስ እያለ መቅጠን አለበት። እዚህ ግን ወፍራሙ ካለቀበት ቦታ ላይ ከውስጥ በኩል ሸለቆ ተቆፍሮበታል። ሸለቆው ላይ የቀረው ነሐስ የግድግዳው ግማሽ አይሞላም።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ሳስበው ይገባኛል። ሲተኮስ የቀለሁ የፊት ክፍል በግፊት ከመሣሪያው ክፍል ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ቂጡ ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋል። መሐል ያለው ነሐስ ይሳባል። ዳግም ለመሙላት የተለጠጠውን ቀለህ ወደ መጠኑ ሲመልሱት ትከሻው (ወደ አፉ የሚጠብበት ቦታ) ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ከተገፋ በሚቀጥለው ተኩስ መሳቢያው ይበዛል። ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም ያ ቦታ ይቀጥናል፤ አንድ ቀን ቀለሁ ለሁለት ይቆረጣል። የ.223 ከፍተኛ ግፊት 55,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው፣ የ9 ሚሊሜትሩ 35,000። ለዚህ ነው ሽቦውን ለጠመንጃ ቀለህ የማስቀድመው። የተቆረጠ ቀለህ ሲያጋጥም ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። ዓይን ነው የሚነካው።

ሣጥኑን መልሼ ገለበጥኩት። 212ቱንም። ጠዋት በእጄ "ደህና" ብዬ ያስገባኋቸው ናቸው። በሽቦ አንድ በአንድ እስከ ምሽት ሄድኩባቸው። ስድስት ተጨማሪ አገኘሁ። ስድስቱም ቂጣቸው ላይ ተመሳሳይ ጽሑፍና ተመሳሳይ ዓመት አለባቸው። ሰባት ከተመሳሳይ ምድብ።

ቀን 5

ለአስተማሪዬ ደወልኩ። ስለ ሰባቱ ነገርኳቸው። ከዚያው ምድብ ገና ያልተፈተሹትን ጨምሬ 74 ቀለህ እንዳለኝም ነገርኳቸው።

"ስንት ጊዜ ተሞልተዋል?" አሉኝ።

"አላውቅም ጋሼ፣ ከሜዳ የተለቀሙ ናቸው።"

"ሽቦው ያለፈላቸውስ?"

"ከስልሳ ሰባቱ አሥሩን ብቻ ነው ያየሁት፤ ሁለቱ ላይ ጥርጣሬ አለኝ።"

ዝም አሉ። ከዚያ "ታሪኩን የማታውቀው ቀለህ ያለህ ምስክር ሽቦው ብቻ ነው። ሽቦው ከተጠራጠረ አንተ ምን ትጨምርበታለህ?" አሉኝ።

ከምድቡ 74ቱንም ለይቼ ጨፈለቅኋቸው። አሳዝኖኛል፣ አብዛኛው ምናልባት ደህና ነበር። ግን የአንድ ሰው ክምር መሆኑ ግልጽ ነው፤ ያ ሰው አንድ ዓይነት መሣሪያ ላይ አንድ ዓይነት አሞላል ሞልቷቸዋል። ሰባቱ ላይ የታየው ሌሎቹም ላይ በመንገድ ላይ ነው። የቀሩትን .223 በሙሉ በሽቦ ጨረስኩ፤ ሌላ ምድብ ላይ ሁለት ብቻ ተገኙ።

ቀን 6

ፕራይመር ማውጣትና እጥበት።

ያገለገሉትን ፕራይመሮች ከእጥበት በፊት አወጣለሁ፤ ጉድጓዳቸውም አብሮ ይጸዳል። ጓንት፣ ማስክ፣ ክፍት መስኮት። ፕራይመር ውስጥ የእርሳስ ውሁድ አለ፤ ጥቁሩ ዱቄት እሱን ይዞ ነው የሚወጣው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ አይበላም፣ አይጠጣም። ስጨርስ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ መጥረጊያ አቧራውን ያነሳዋል። እጄን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና።

ማሽከርከሪያው በርሜል ውስጥ በየዙሩ 2.2 ኪሎ ቀለህ፣ 2.3 ኪሎ የማይዝግ ብረት ጥቃቅን መርፌ፣ ውሃ፣ አንድ ማንኪያ የዕቃ ሳሙና፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ። ሁለት ሰዓት። ውሃው እንደ ጥቁር ቀለም ሆኖ ይወጣል፤ ቀለሁ እንደ አዲስ። አንድ ዙር ላይ አሲዱን አብዝቼ ነበር። ቀለሆቹ ወደ ሮዝ ሄዱ። አሲዱ ከላይኛው ገጽ ዚንኩን ወስዶ መዳቡን ሲተወው ነው። ያኔውኑ አውጥቼ ደጋግሜ አለቀለቅኋቸው። ነሐሱን ከገጹ አልፎ አልጎዳውም፣ ግን ልኬቱን ከዚህ በኋላ በዓይን አልገምትም።

አንድ ሰው ነሐስ ማብሪያ ቢጠቀም አይፈጥንም ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አሞኒያ ያለበትን በፍጹም። አሞኒያ ውጥረት ያለበትን ነሐስ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ቅኝ ግዛት በነበረችው ህንድ የእንግሊዝ ጦር ጥይት በክረምት ከፈረስ ጋጣ አጠገብ ሲቀመጥ ማንም ሳይነካው ቀለሁ ይሰነጠቅ ነበር። ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1921 ነው ተመርምሮ የታወቀው። አንድ ጠርሙስ ማብሪያ ያንን ጋጣ ጠረጴዛዬ ላይ ያመጣዋል።

ፎጣ ላይ ዘርግቼ ፀሐይ ላይ አደረቅኋቸው። የሚቸኩል ሰው ምድጃ ይጠቀማል፤ እኔ ነሐስና ሙቀት ማገናኘት አልወድም።

ቀን 7

ከደረቁ በኋላ ሁለተኛ ፍተሻ። ንጹሕ ቀለህ የደበቀውን ያወጣል። ከ9 ሚሊሜትሮቹ 23 ተጨማሪ ጣልኩ፦ ስምንቱ ተሰንጥቀዋል፣ አሥሩ ከቂጡ በላይ ሆድ አውጥተዋል፣ አምስቱ ውስጣቸው እርከን ያለው ዓይነት ናቸው። እርከኑ ከውስጥ እንደ ደረጃ ግድግዳው ዙሪያ ይታያል። የቀለሁን ውስጥ ጠባብ ያደርገዋል፤ እዚያ እርከን ላይ የመቆረጥ ጠባይም አላቸው።

ዘጠኝ ቀለህ ውስጥ መርፌ ተሰክቶ አገኘሁ። ሁለት መርፌ አንዲት የእሳት ቀዳዳ ውስጥ አብረው ገብተው ቆልፈው ነበር። አንድ በአንድ ወደ ብርሃን ሳላይ አልለቀቅሁም።

የ.223ቱን ቁመት በካሊፐር ለካሁ። ገደቡ 44.70 ሚሊሜትር ነው። የሚያልፉትን ወደ 44.45 ቆረጥኳቸው፣ አፋቸውን ከውስጥም ከውጭም አለዘብኩ። ወደ መጠን መመለሱን ገና አልጀመርኩም። ያ የራሱ ሥራ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት።

ሣጥኖቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ይህ ነው፦ ዓይነት፣ ብዛት፣ የተለቀመበት ወር፣ "የተሞላበት ጊዜ ብዛት አይታወቅም"። ከዚህ በኋላ በእኔ እጅ በተሞሉ ቁጥር አንድ ጭረት። የ.223 ሣጥን ላይ የቀረው 551 ነው። ሽቦው በክር ታስሮ ሣጥኑ ክዳን ላይ ተንጠልጥሏል። የተሰነጠቀው ግማሽ ቀለህ ከጎኑ ነው፣ ሸለቆው ወደ ውጭ ዞሮ።